አልፈታ ያለው የማጨጃ ምላጭ

የኔ ዓለም፣ በወጣህበት መውደድ ይስጥህ፤ ክፉ አይንካህ። እኔ ደህና ነኝ፣ እንቅልፍ ብቻ ነው ያጣሁት።

አባትህ የዛገ ብሎን መንቀያ በርካሽ ፈልግልኝ ብሎ እንደጻፈልህ አውቃለሁ። የሣር ማጨጃው ምላጭ ተጣብቆ አልፈታ ካለ ወዲህ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ በመዶሻ ሲያንኳኳ ይውላል። መዶሻው ዝም ባለ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል፤ ድስቴን ጥዬ እሮጣለሁ። ሐኪሙ «ልብዎ ደክሟል፣ ከባድ ነገር እንዳይገፉ» ብሎታል፤ እሱ ግን ማንን ሰምቶ! ምላጩ በተፈታ ማግስት ማጨጃውን ይገፋል።

ጎረቤታችን መካኒኩ ያዋሰውን መንቀያ ዱቄት ውስጥ ቀበርኩት፤ አባትህ ሲፈልግ እኔም አብሬው እፈልጋለሁ። ሣሩ ጉልበቴ ጋ ደርሷል፤ ይድረስ።

ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ «ርካሽ አጣሁ» በለው። መዶሻውን እየሰማሁ ልኑር።