ቀለበቱ ኪሴ ውስጥ ነው

ጥቅምት 12

የአባቴን ቀለበት ለእኔ ጣት አስጠብቤ ዛሬ ተረከብኩ። አንጥረኛው በሦስት ቀን ብሎኝ በስምንተኛው ቀን ሰጠኝ። "ልጄ፣ ይሄ የሰው ጣት ነበር ወይስ የበር እጀታ?" ይላል። ሳቅኩ። ከአባቴ ቀብር ወዲህ የመጀመሪያዬ መሰለኝ። እውነቱን ነው... ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ያነሳ የግንበኛ ጣት ነበር።

የሰጠሁት ቀን የቀኝ እጄን የመሐል ጣት አሳይቼው ነበር። ብዕር የሚያርፍበትን።

"ላላ ይበል ጠበቅ?"

"እንዲሰማኝ ነው የምፈልገው።"

"እንግዲያው ጠበቅ ይበል። የላላ ቀለበት በሁለተኛው ቀን ይረሳል።"

ብር ነው። አንድ ጎኑ ጠፍጠፍ ብሏል። አንጥረኛው ሊያቃናው ፈልጎ ነበር፤ እንዳትነካው አልኩት።

ለምን እንደማደርገው እዚህ ልጻፈውና ይለይለት። አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ "ሥራሽን ጥለሽ መጣሽ?" አለኝ። "ፎርሞቹን ፈርሜ ነው የመጣሁት፣ አይቆምም" አልኩት። "ባዶ?" አለ። ነርሷ ገባች። ከዚያ በኋላ ትርጉም ያለው ነገር አልተናገረም። የመጨረሻ ቃሉ "ባዶ?" ነው። መልስ አልሰጠሁትም።

ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሳጠልቀው አንድ ነገር እላለሁ፦ ሳላይ አልፈርምም።

ጥቅምት 13

ሥራ ገባሁ። ሁሉም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየኛል። መሮኛል።

ሥራዬን የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር "ኮንክሪት እሰብራለሁ" እላለሁ። አንድ ግንባታ ላይ ኮንክሪት በተሞላ ቁጥር ከዚያው ቅልቅል ሦስት ኩብ ይወጣል። እኛ ቤተ ሙከራ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይተኛል። በሃያ ስምንተኛው ቀን ማሽኑ እስኪሰብረው ድረስ ይጨምቀዋል። የተሸከመውን ፎርም ላይ ጽፌ እፈርማለሁ። የእንጨት ድጋፉ የሚነሳው በእኔ ፊርማ ነው።

መሳቢያዬን ከፈትኩ። አባቴ ሆስፒታል የገባ ቀን፣ ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ እንዳለ፣ ቆሜ አሥራ ሁለት ባዶ ፎርም ፈርሜ ነበር። እኛ ዘንድ ልማድ ነው፤ ፈቃድ የሚወጣ ሰው ፈርሞ ይሄዳል። ሰባት ቀርቷል።

ቀላል-ነው ጋ ሄድኩ። አለቃችን ነው። ፎቅ ቢናድም "ቀላል ነው" ስለሚል በሌለበት የምንጠራው በዚህ ነው።

"አምስቱ ፎርም የት ሄዱ?"

"ተሞሉ። ሥራ ይቆማል እንዴ?"

"ኩቦቹ ተሰብረዋል?"

"ሳይሰበሩ ቁጥር ከየት ይመጣል? አንቺ ልጅ፣ ሐዘን ላይ ነሽ፣ ራስሽን አታድክሚ። ቀላል ነው።"

ወጣሁ። ገንዳው አሥር እርምጃ አይሆንም። አልሄድኩም። ደክሞኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስጽፍ ብዕሩ ቀለበቱን እየነካ ጢቅ፣ ጢቅ ይላል። ደስ አለኝ።

ጥቅምት 16

ሳቂታው ኩብ ይዞ መጣ። እየተሠራ ያለ የአንድ አራት ፎቅ ሕንፃ ፌሮ አሳሪ ነው፤ ግን ኩቦቹን ለማንም አይሰጥም፣ በትከሻው እሱ ራሱ ነው የሚያመጣቸው።

"ኢንጂነርዬ፣ ልጆቼን ይዤልሽ መጣሁ። ቀስ ብለሽ ስበሪያቸው።"

"ቀስ ብሎ መስበር የለም።"

"አይ ጨካኝ። በሌላ ሰው ልጅ ሁሉም ጀግና ነው።" ጣቴን አየ። "ምነው፣ ታጨሽ እንዴ? ማነው የቀደመኝ?"

"የአባቴ ነው።"

ሳቁ ጠፋ። የራስ ቁሩን አወለቀ። "ይቅር በይኝ፣ አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።" ቀለበቱን እንደገና አየ። "ምን ያደርግልሻል?"

"ሳላይ እንዳልፈርም ያስታውሰኛል።"

"ተባረኪ። አንቺ በፈረምሽው ደረጃ እኮ ነው በቀን መቶ ጊዜ የምመላለሰው።"

ኩቡ ሳይደርቅ ቀኑን በሚስማር ይጽፍበታል። "መ"ን መነጽር አስመስሎ ነው የሚጽፈው፣ ሁለት ክብ ከመሐል ድልድይ ጋር። አንድ ቀን እንዲህ ከጻፍክ መነጽር የሚያስፈልግህ ለአንተ ነው ብዬው ነበር።

ጥቅምት 22

ደረጃው ወደቀ። ሳቂታው ሥሩ ነበር።

ጥቅምት 23

ቀለበቱን ሳጠልቅ የምለው አጣሁ።

ከሁሉ ቀድሜ ቤተ ሙከራ ገባሁ። እጅጌዬን ሰብስቤ ገንዳው ውስጥ እጄን ከተትኩ። ዛሬ። ያን ቀን መሄድ የነበረብኝን አሥር እርምጃ ዛሬ ሄድኩት። ከታች፣ ጥግ ላይ፣ ሦስት ኩብ። ሙሉ። ጭረት እንኳ የለባቸውም። በሚስማር "መስከረም 2" ይላል፣ መነጽር ካደረገው "መ" ጋር። የደረጃው ኩቦች ናቸው።

ፋይሉ ውስጥ ያለው ፎርም ግን መስከረም 30 ተሰበሩ ይላል። ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ስምንት ተሸከሙ ይላል፤ ሃያ አምስት ከሞላ ያልፋል። ሥሩ የእኔ ፊርማ። መስከረም 30 አባቴ ከተቀበረ ስድስተኛ ቀኔ ነበር፤ ከቤት አልወጣሁም።

እያንዳንዳቸው ስምንት ኪሎ ናቸው። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩባቸው።

የቀሩትን አራት ፎርሞች አወጣሁ። አንድ መጋዘን። ሁለት መኖሪያ ቤት። አንድ የሕፃናት መዋያ። የእነሱ ኩብ ገንዳው ውስጥ የለም። ተሰብረው ነው? ተጥለው ነው? ማን ያውቃል... እኔ አላውቅም፣ ፊርማዬ ግን አለ።

የሳቂታው ቀብር ዛሬ ነበር። በየትኛው ፊቴ ልሂድ?

ጥቅምት 25

ቀላል-ነው ጠራኝ። በሩን ራሱ ዘጋ። ሻይ አስመጣ። ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል፣ የቀረው የእኔ ስም ነው። "የማሽኑን ንባብ በስህተት መዝግቤአለሁ" ይላል።

"ማስጠንቀቂያ ነው የሚጽፉብሽ፣ ከዚያ በላይ የለም። አባቷ ሞቶባት ሐሳቧ ተበትኖ ነው ብዬ ለአጣሪ ኮሚቴው አስረድቻለሁ። ሁሉም አዝኖልሻል።"

"አባቴን ከዚህ ያውጡት።"

"የኔ እህት፣ እኔ ላንቺ ብዬ ነው..."

"ማሽኑ ሥራ ላይ አልዋለም። ምን አንብቤ ነው የተሳሳትኩት?"

ሻዩን አማሰለ። "ባዶ ወረቀት የፈረመው ማነው? እኔ እጅሽን ይዣለሁ?"

"አልያዙም።"

"እና?"

"ሌሎቹ አራቱስ?"

"ቆመዋል አይደል? የቆመ ነገር አትነካኪ።"

ይህን ያለው ዓይኑን ሳያሽ ነው። ደብዳቤውን ብፈርም ስህተቱ አንድ ቁጥር ነው፤ አራቱን የሚፈትሽ አይኖርም። ባልፈርም... ባዶ ፈርሜአለሁ ብዬ መናገር አለብኝ። ከዚያ ሥራዬም፣ የሙያ ፈቃዴም፣ ስሜም።

ብዕሩን አነሳሁ። ጢቅ አለ። አስቀመጥኩት። እስከ ኅዳር 1 አስቢበት አለኝ፤ ኮሚቴው የሚሰበሰብበት ቀን ነው።

እጠላዋለሁ። አባቴን ሰበብ ስላደረገው እጠላዋለሁ። ግን "እጅሽን ይዣለሁ?" ያለው አልወጣልኝ አለ። ጥቅምት 13 እኮ ቀለበቱ ጣቴ ላይ ነበር! ጢቅ ጢቅ ሲል ደስ ብሎኝ ነበር። የሚያስታውሰኝ ብር ስላለኝ ማስታወሱን ለብሩ ተውኩለት። ይሄን ማን ላይ ልለጥፍ?

ጥቅምት 26

ምንም።

ጥቅምት 28

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ስጨርስ ቢላዋውን አስቀምጣ ጣቴን ያዘች።

"ይሄን ቀለበት ቀኑን ሙሉ አድርገሽው ስትውዪ እያየሁ ዝም ያልኩት፣ ልጅ ናት፣ ናፍቆት ነው ብዬ ነው።"

"ምን አጠፋሁ?"

"አባትሽ ሥራ ላይ አያደርገውም ነበር።"

ያንንማ አውቃለሁ። በመሐረብ ቋጥሮ ኪሱ ይከተዋል። እንዳይጫርበት ይመስለኝ ነበር።

"ምን መጫር... ተጠፍጥፎ የለ እንዴ? ድሮ አድርጎት ሲሠራ አንድ ቀን መዶሻ መትቶት ነው። ግንቡን ጨርሶ ቱንቢውን ይጥላል። ግንቡ ከክሩ ጋር ቀጥ ካለ ያኔ ነው የሚያጠልቀው። አጥልቆት ከመጣ ሥራው ቀንቷል ማለት ነው። ባዶ ጣቱን ከመጣ ግን ግንቡ ጠሟል፣ ነገ ያፈርሳል። እኔም አልጠይቀውም። ውሃ አሞቅለታለሁ፣ ይታጠባል።"

"ስንት ቀን ባዶ ጣቱን መጣ?"

"ስንት ቀን ትያለሽ? አንዱን ቤት ሲሠራ ወር ሙሉ ያለ ቀለበት ነው የገባው። ባለቤቱ ይበቃል እያለው፣ እሱ አፍርሶ ይገነባል።"

ሽንኩርቷን አነሳች። ዓይኗ ረጥቦ ነበር። ሽንኩርቱ ነው አለች። ይሁን።

ወጥቼ ክፍሌ ውስጥ ቀለበቱን አወለቅኩት። በሳሙና ነው የወጣው። ጣቴ ላይ ነጭ መስመር ቀርቷል።

ኅዳር 1

ዛሬውኑ ልጻፈው።

ኮሚቴው እኛው ቤተ ሙከራ ተሰበሰበ። ሦስት ሰዎች። ቀላል-ነው ሱፍ ለብሷል። ጥግ ላይ አንዲት ሴት ጥቁር ለብሳ ቆማለች፤ የሳቂታው ታላቅ እህት ናት አሉኝ። አፍንጫዋ የእሱ ነው።

ደብዳቤውን አቀረቡልኝ። "የጻፍኩት ሌላ አለኝ" አልኩ። የራሴን አነበብኩ። አሥራ ሁለት ባዶ ፎርም ፈርሜአለሁ። አምስቱ እኔ በሌለሁበት ተሞልተዋል። ጥቅምት 13 አውቄ ዝም ብያለሁ። በአራቱ ሕንፃዎች ላይ አሁንም ሰው አለ። መሐል ላይ ውሃ ጠጥቼ ቀጠልኩ።

ቀላል-ነው፣ "ሐዘን ላይ ናት፣ የምትለውን አታውቅም" አለ።

ቁም ሳጥኔን ከፍቼ ኩቦቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው።

ሊቀመንበሩ ይሰበሩ አለ። ሴትየዋ ቀረበች። በጣቷ ፊደሉን ተከተለችው።

"ይሄ የሱ ጽሕፈት ነው።"

"አዎ።"

"ትሰብሪዋለሽ?"

"ካልተሰበረ አያምኑም፣ እህቴ።"

"ደረጃው ይችላል ብለሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

አየችኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። "ስበሪው" አለች።

ሃያ አምስት መሸከም የነበረበት በአሥራ አንድ ተሰበረ። ሁለተኛው በአሥር። ሦስተኛው በአሥራ ሁለት። ያውም ከቀኑ በላይ ውሃ ውስጥ ቆይተው፣ ይበልጥ ጠንክረው።

ከሦስተኛው ላይ ፊደሉ ያለበት ፊት ሳይፈርስ ተገንጥሎ ወደቀ። አቧራውን በመሐረቤ ጠርጌ ሰጠኋት። ደረቷ ላይ አቅፋው ወጣች። ይቅር አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ቀለበቱ ቀኑን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ኅዳር 8

ፈቃዴ ለሁለት ዓመት ታገደ። የቀላል-ነው ጉዳይ ፍርድ ቤት ሄዷል፤ የእኔም ስም እዚያው መዝገብ ላይ አለ። ዕቃዬን በአንድ ካርቶን ይዤ ወጣሁ። የጥበቃው አባባ ብቻ "ጎበዝ" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ኅዳር 19

መጋዘኑ ተፈተሸ። ጥንካሬው ይበቃዋል። አንደኛው መኖሪያ ቤትም ደኅና ነው። ኮሚቴው የፎርሞቹን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ይዞኝ ይዞራል። ያለ ደመወዝ። ቢከለክሉኝም እሄድ ነበር።

ኅዳር 27

ሁለተኛው መኖሪያ ቤት አልበቃም። ሰዎቹን አስወጧቸው። እመቤቲቱ ፍራሽ እየጎተተች፣ "አንቺ ነሽ ያቺ ፈራሚ?" አለችኝ። ነኝ አልኳት። ፍራሹን በሌላኛው ጫፍ ያዝኩላት። መጀመሪያ ነጠቀችኝ። ደረጃው ላይ ሲከብዳት ተወችልኝ።

ታኅሣሥ 9

ዛሬ የሕፃናት መዋያው ነበር። ልጆቹን ግቢ አውጥተው ናሙና ለማውጣት ምሰሶውን በመሰርሰሪያ ወጉት። አንዲት ጥርስ የሌላት ልጅ አጥሩን ይዛ፣ "ሕንፃው ታሞ ነው መርፌ የምትወጉት?" አለችኝ። "መታመሙን ልናይ ነው" አልኳት። "ካልታመመስ?" "ትመለሳላችሁ።" "ከታመመስ?"

ውጤቱ ሰኞ ይመጣል።

በእግሬ ተመለስኩ። ጠዋት ስወጣ አሁን ምንም አልልም። ቀለበቱን በመሐረብ እቋጥርና ኪሴ እከተዋለሁ፣ በቃ። መንገድ ላይ ሁለት ሦስቴ በጨርቁ ላይ ዳሰስኩት። የጣቴ ነጭ መስመር ጠፍቷል።

እናቴ በሩን ከፈተች። ፊቴን አላየችም። ጣቴን አየች።

"ውሃ ሞቋል፣ ግቢ ታጠቢ" አለችኝ።