ላሟን ማናገር አልተከለከለም

ወላይታ ሶዶ
መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለመሲ፣

አራስ ሆነሽ ረጅም ደብዳቤ መቀበል እንደማይመችሽ አውቃለሁ። ግን በስልክ ልነግርሽ ስሞክር ሕፃኑ ያለቅሳል፣ አንቺም «አባዬ፣ በአጭሩ» ትያለሽ። እኔ ደግሞ አጭር ነገር ሆኖልኝ አያውቅም። ስለዚህ ጽፌዋለሁ። ነገ ወንድምሽ ይስሐቅ ልጅሽን ባርኮትን ይዞልሽ አዲስ አበባ ሲገባ ይሰጥሻል። አዲሱ የልጅ ልጄ እንቅልፍ ሲወስደው አንብቢው።

እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ገና አልለቀቀንም፤ ዳሞት ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል። እናትሽን ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል፣ እሷ ግን ለማንም አትናገርም። ባርኮትን ስታዪያት አታውቂያትም፤ ጉንጯ ሞልቷል። ጌታነህ «ትምህርቱ ይደረስበታል፣ ጊፋታን በልታ ትምጣ» በማለቱ እግዚአብሔር ይስጠው። አማች ማለት እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሰኔ ላይ ልጅቷን ስትልኪልን ምን እንዳዘዝሽን ታስታውሻለሽ። «በወላይትኛ እንዳታናግሯት። አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው፣ አማርኛዋ ይደበላለቅባታል። ካናገራችኋት ሁለተኛ አልልካትም» አልሽ። እናትሽ የመጨረሻዋን ቃል ስተረጉምላት ነው የደነገጠችው።

የእናትሽን አማርኛ ታውቂዋለሽ። ገበያ ቅቤ ስትሸጥ የለቀመችው ነው፤ ከ«ጨምር» እና ከ«አይሆንም» ብዙም አያልፍም። በመጀመሪያው ቀን ሙዝ ልጣ ለባርኮት ዘረጋችላትና «በል ውሰድ፣ አይቆጭህም» አለቻት። ልጅቷ ዞር ዞር ብላ አየችና «አያቴ፣ እኔ እኮ ወንድ አይደለሁም» አለች። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። መሳቅ አልነበረብኝም፤ እናትሽ ከዚያ ወዲያ አፏን ዘጋች። ታበላታለች፣ ፀጉሯን ትሠራላታለች፣ አቅፋት ትተኛለች። ቃል ግን የለም። የሚባል ነገር ሲኖር በእኔ በኩል ያልፋል። ዕድሜዬን ሙሉ በማዘጋጃ ቤት ሠርቼ ያላገኘሁትን ሥልጣን ቤቴ ውስጥ አገኘሁ።

ግን እናትሽን ፋንታዬን ማን ያሸንፋታል? አንድ ቀን ጠዋት ወደ ጓሮ ስወጣ ከላሟ ጋር ወሬ ይዛለች። «ሳሮ አቃዲ?» ትላታለች፣ ደህና አደርሽ ወይ ብላ። ቀጥላም ዛሬ ብርድ ስለሆነ ሹራብ ሳይለብሱ መውጣት ደግ እንዳልሆነ ትመክራታለች። ላም ሹራብ የት ታውቃለች? ዞር ስል ባርኮት በባዶ ክንዷ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት እናትሽን።

«ላሟን በቋንቋዬ ማናገር ተከልክሏል እንዴ?» አለችኝ።

ትዕዛዝሽን አንድ በአንድ አስታወስኩት። እውነቷን ነው፣ ስለ ላም ምንም አላልሽም።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ላሟ የሰማችው ታሪክ ለማንም አልተነገረም። እናትሽ ከሁምቦ ሙሽራ ሆና ስትመጣ መንገድ ላይ ያለቀሰችውን፣ አንቺ በልጅነትሽ የጎረቤት በግ ሰርቀሽ አልጋ ሥር የደበቅሽውን፣ ሁሉንም ሰምታለች። ባርኮትም የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። አንድ ጠዋት እናትሽ «ሳሮ አቃዲ?» ስትል ላሟ ዝም አለች። ባርኮት ከኋላ ሆና «ሳሮ» ብላ መለሰችላት። እናትሽ ሳትዞር ማለቧን ቀጠለች።

ቅዳሜ የዘመን መለወጫችን የጊፋታ ዋዜማ ነበር። ልማዱን አትረሺውም፤ ቅሬታ ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት የሚሻገር የለም። እንደ ሁልጊዜው ሁሉንም አስቀምጬ ያኮረፈ ካለ ይናገር አልኩ። ይስሐቅ ከጎረቤታችን ከደገፉ ጋር በአጥር ምክንያት የተጋጨውን ታርቆ እንደመጣ ተናገረ። አለቀ ብዬ ልመርቅ ስል ባርኮት ክፍል ውስጥ እንዳለች ተማሪ እጇን አወጣች።

«እኔ አለኝ» አለች። «አያቴ ከላሟ ጋር ታወራለች። ከእኔ ጋር ግን አታወራም። ምን አጥፍቼ ነው?»

መሲዬ፣ ለእናትሽ ተረጎምኩላት። ዳኛ ሆኜ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። «እናትሽ ከልክላት ነው» ብል ልጅን ከእናቷ ላጣላ ነው። ዝም ብል ደግሞ ልጅቷ ጥፋተኛ ነኝ ብላ ልትሄድ ነው።

እናትሽ አልጠበቀችኝም። ልጅቷን ወደ ጭኗ ሳበቻትና በአፏ፣ አፍ በፈታችበት ቋንቋ አናገረቻት። ብዙ አወራቻት፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም። ላስተርጉም ብዬ አፌን ስከፍት ባርኮት እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«ተው አባባ፣ ገብቶኛል።»

በዚህ ዓይነት ከሥልጣኔ ወረድኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት የተሻረ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ በደንቡ መሠረት እናትሽንም ጠየቅኳት። «አንቺስ ቅሬታ አለሽ?» ስላት «እዚህ ካሉት ጋር የለኝም» አለችኝ። የበዓሉ ምግብ ሙቿው ቀረበ፣ በላን። እኔ ግን አልጣመኝም።

አልፈርድብሽም። ከዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያው ዕረፍት ስትመጪ እናትሽ በር ላይ በወላይትኛ ስትቀበልሽ በአማርኛ ነበር የመለስሽላት። እዚያ በአነጋገርሽ ስቀውብሽ እንደነበር ገብቶኛል። እኔም በስብሰባ መካከል ኃላፊያችንን ወይዘሮዋን «አንተ» ብዬ አዳራሹ ሲያውካካ ሰምቼ አውቃለሁ። ያቃጥላል። አማርኛ እንጀራችን ነው፤ ይኸው አንቺንም የማወራሽ በእሱ ነው። የባርኮት አማርኛም ቅንጣት አልተነካም። ችግሩ ወላይትኛዋ ነው። ከላም ጋር ስለተማረችው የደገፉን ልጅ ሔርሜላን «ኤቃ!» እያለች እንደ ከብት ታስቆማታለች።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ይህን ብልሃት እናትሽ ለባርኮት የፈጠረችው መስሎኝ ነበር። ኋላ ነገሩን ሳስበው ከላም ጋር ማውራት የጀመረችው ያኔ አንቺ ከዕረፍት ከተመለስሽ በኋላ ነው። ስትደውዪላት «ደና ነኝ፣ አንተስ ደና ነህ» ብላ ስልኩን ለእኔ ታቀብለኛለች። ከዚያ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ለአንቺ ልትነግርሽ የፈለገችውን ሁሉ ስትሰማ የኖረችው ላሟ ናት።

በዘንቢሉ ውስጥ ያለው ቅቤ ለአራስነትሽ ነው፤ ለጎረቤት አታድዪው። አብሮት ያለው የቃሪያ ዳታ ያቃጥላል፣ ጌታነህን አስጠንቅቂው።

ከነገ ወዲያ ጠዋት ባርኮት አልጋሽ ድረስ መጥታ «ሳሮ አቃዲ?» ትልሻለች። እናትሽ አደራ ብላ ያስያዘቻት ነው። ማንም በማይሰማሽ ቤትሽ ውስጥ መልሺላት። ከዚያ ደውዪ። ስልኩን አንስቼ ለእናትሽ እሰጣታለሁ፣ እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ ላሟን አጫውታታለሁ።

ጌታ አንቺንም ሕፃኑንም በጤና ያቁምልኝ። ጡትሽ ይሙላ፣ ቤትሽ ይሙላ፣ ልጆችሽ በሁለት አፍ ይመርቁሽ።

አባትሽ
አንጁሎ