ጀርባውን ማን ያያል?

ረቡዕ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን። ዝናቡ ከጧት ጀምሮ አላባራም። ቤት ያለነው እማማ፣ ጎረቤታችን የሆነው አናጢና እኔ ነን።

ለወንድሜ ለማሙሽ፤ ሪዝ ብታወጣም ለእኔ ያው ማሙሽ ነህ።

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ባለቤትህ ያ የሚያስቸግራት ጉልበቷ ተሻላት? ትልቋ ልጅህ ትምህርቷን፣ ትንሿስ ጥርስ ማብቀሉን እንዴት ይዛዋለች? ሁሉንም አንድ በአንድ ሳምልኝ። ሰላምታዬን እዚሁ የጨረስኩት ከዚህ በታች ያለው ለሰላምታ ስለማይመች ነው። ተናድጃለሁ።

እማማ ደህና ናት፤ እሑድ ግን ለጥቂት ነው የተረፈችው። አምና መጥተህ የገጣጠምከው የመጻሕፍት መደርደሪያ የመሐሉ ጣውላ ወደ ታች ጎብጦ፣ ጎኖቹ ተከፍተው፣ ከነመጽሐፉ ወንበሯ ላይ ተዘረገፈ። መነጽሯን ልታመጣ ብድግ ባትል ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ነበር።

አንተስ በስልክ ምን አልክ? እማማ ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ። ጥፋቱ የመጽሐፉ ብዛት ነው አልክ። እኔን ታላቅህን፣ እትዬ ምን ልትሆን ነው ይሄን ሁሉ የምትሰበስበው አልክ። ቅዳሜ ሳይደርስ ወደ ጓሮው ዕቃ ቤት ይውጣ አልክ። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ እንደሚያፈስ እያወቅህ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እማማ ቃልህን እንደ ዳኛ ፍርድ ተቀብላ ባዶ ካርቶን ማሰባሰብ ጀመረች።

እኔ ፊደል የለየሁት አንተ ቀደህ ከጣልከው ደብተርና ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ግማሹ መጽሐፌ ሽፋን የለውም፤ መጨረሻው የጎደለም አለ። ግን ከመንገድ ዳር አንድ በአንድ መርጬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እዚህ ቤት ውስጥ የእኔ የምለው ሌላ ምን አለ?

ዛሬ አናጢውን ጠራሁት። ቀጠሮ ስለማያከብር ሰፈሩ «ነገ ና» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ለእኔ ግን በቀጠረኝ ቀን መጣ። ዞሮ ከኋላ አየና፣ «እናቴ፣ የዚህ ዕቃ ጀርባው የታለ?» አለኝ።

ጀርባው! ያን ስስ ጣውላ ትርፍ ነው ብለህ፣ «ጀርባውን ማን ያያል?» እያልክ፣ ለእማማ ወገብ ከፍራሿ ሥር አነጠፍከው። የመመሪያውን ሥዕል ሳሳይህ፣ «እትዬ፣ አንቺ ሻይ አፍይልን» አልከኝ። እማማም «የልጄ ጣውላ» እያለች ለመጣው ሰው ሁሉ ፍራሿን ስትገልጥ ከረመች። ለካ ጎኖቹን አጥብቆ የሚይዛቸው እሱ ኖሯል።

የመደርደሪያው ጣውላ የተጨመቀ ሰጋቱራ ስለሆነ በክብደት የጎበጠው ሲገለበጥ ቀስ እያለ ይቃናል፤ ውሃ ጠጥቶ ያበጠው ግን አይመለስም አለኝ አናጢው። አንዱ እግር ጫፉ አብጧል፤ ወለል ስወለውል ያረጠብኩት እኔ ነኝ፤ እሱን አልክድም። ምድጃ አጠገብ ላድርቀው ስል ደግሞ፣ «ኧረ እንደ ቆዳ ይጣመምብዎታል!» ብሎ ጮኸብኝ። ከእንግዲህ ከባድ ከባዱ መጽሐፍ ከታች፣ መደርደሪያውም በብረት ከግድግዳ ጋር ይታሰራል።

እማማ ግን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ የጀርባውን ጣውላ አልሰጥም አለች። «ልጄ ለወገቤ ያነጠፈውን ለወረቀት ልስጥ?» ያን ጊዜ አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ፤ ጮህኩ። «ወገብሽን በየቀኑ የሚያሸው የማን እጅ ነው? የጣውላው ነው?» አልኳት። አናጢው መዶሻውን ይዞ ሹልክ ብሎ ወጣ። እማማ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ለካ ድምፅ አለሽ?» አለች። ከዚያ ከአልጋዋ ተነሣች።

ይህን ስጽፍ አናጢው በረንዳ ላይ ለእሷ ወፍራም ሳንቃ እየቆረጠ ነው።

ሐሙስ። በአዲሱ ሳንቃ ላይ ተኝታ አደረች። ከልጇ ጣውላ ይሻላል አላለችም፤ ግን አላቃሰተችም።

ዛሬ ጧት ያደረግኩት ይሄ ነው። መደርደሪያውን በፊቱ ወለል ላይ አስተኛሁት። የጎበጠውን ጣውላ ገልብጬ ሆዱን ወደ ላይ አደረግኩት። ያበጠውን እግር ሞርጄ ቫርኒሽ ቀባሁት፤ ከሁሉም እግሮች ሥር ቁራጭ ጎማ መታሁ። ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ሲባጎ ወጥሬ ሁለቱም ሰያፎች ልክ እኩል እስኪሆኑ ጎኑን ገፋሁት። ከዚያ ሚስማሮቹን አፌ ውስጥ ይዤ ጀርባውን ዙሪያውን መምታት ጀመርኩ።

ስልኩ ጮኸ። እማማ አነሣችውና፣ «ማሙሽ ነው፤ መጽሐፉ ወጣ ወይ ይላል» ብላ ወደ ጆሮዬ አስጠጋችው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ የእኔ አፍ ግን ሚስማር ሞልቶት ነበር።

ያ የሰማኸው ጓ! ጓ! መልሴ ነው።

እህትህ