ባለ ቀይ ክሩ

አባታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው መጋቢት 9 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጀመሪያ ሥራቸው የአባታቸውን መርፌ ክር ማጉረስ ነበር፤ በዚህም ዕድሜ ልካቸውን ሲኮሩ ኖረዋል። በትምህርታቸው ጎበዝ ቢሆኑም የእጅ ጽሑፋቸው መምህራናቸውን አሳራቸውን እንዳበላ ካርዳቸው ይመሰክራል። በ1963 ዓ.ም. በላብራቶሪ ሙያ ተመርቀው በሆስፒታል የደም ምርመራ ክፍል ተቀጠሩ።

የ1966ቱን ጉዳይ ዘለን ብናልፍ እሳቸው ራሳቸው ይቆጡን ነበር። አንዲት ወጣት ለቀዶ ሕክምና ደም ያስፈልጋት ነበር። አባታችን የተለገሱትን ሦስት የደም ከረጢቶች ከእሷ ደም ጋር ቢያመሳክሩ አንዱም አልስማማ አለ፤ ይህንኑ ጽፈው ሰጡ። ልጅቷም ወደ ሌላ ከተማ ልትወሰድ መኪና ላይ ተጫነች። አባታችን ዕቃ ሊያጥቡ ሲመለሱ ነው የተጠቀሙበት ጠርሙስ የጨው ውሃ ሳይሆን ጨው የሌለው ንጹህ ውሃ መሆኑን ያዩት።

በኋላ በክፍሉ ለሚያሠለጥኗቸው ተማሪዎች ያስረዱ እንደነበረው፣ የደም ህዋስ ሽፋን ውሃን ሳያንኳኳ ያስገባል፤ ጨውን ግን በር ላይ ያቆመዋል። ውጭ ያለው ውሃ ጨው ከሌለው፣ ጨው ወዳለበት ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ ህዋሷም እስክትፈነዳ ትጠጣለች። የፈነዳ ደም ደግሞ በምርመራው እንዳልተስማማ ይቆጠራል።

ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም፤ ልጅቷ ግን መንገዱን አትችለውም ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም እሳቸው እስኪነጋ አልጠበቁም። በጋውናቸው ሮጠው መኪናውን ከግቢው በር ላይ አስቆሙና በሐኪሙ ፊት፣ «ደሙ ደህና ነው፤ ምርመራውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አሉ። ናሙናው አልቆ ስለነበር ልጅቷ ክንዷን እንደገና ዘረጋች። ከሦስቱ ከረጢቶች ሁለቱ ተስማሙ፤ ቀዶ ሕክምናውም ተሳካ።

አባታችን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። በማግስቱ ከአባታቸው ሱቅ ቀይ ክር አምጥተው በጨው ውሃው ጠርሙስ አንገት ላይ አሰሩ፤ በ1999 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ክሩ አልተፈታም። ባለ ቀይ ክሩ የተባሉትም በዚሁ ነው።

በ1968 ዓ.ም. ያቺን ወጣት፣ እናታችንን አገቡ። ደሟን ሁለቴ የሰጠች ልቧን ምን ብላ ትከለክላለች እያሉ ዘመድ ሲቀልድባቸው ኖሯል። ሦስት ልጆች ወለዱ። አጥፍተን ስንደበቅ ዱላ አላነሱብንም፤ «መኪናው ሳይነሳ ተናገሩ» ብቻ ይሉን ነበር።

ልባቸው ደክሞ ለአራት ወራት ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥቅምት 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው አረፉ። እናታችንን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል፤ በጣም እንናፍቃቸዋለን።

በመጨረሻዋ ጠዋት እናታችን የአባታችንን እጅ ይዘው፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ ያልተናገሩትን ነገሯቸው። «ያን ቀን ስትሮጥ በመኪናው መስኮት አይቼሃለሁ። የመረጥኩህ ያኔ ነው፤ ገና ምን ልትል እንደመጣህ ሳላውቅ» አሏቸው። አባታችን ፈገግ አሉ፤ መኪናው ገና አልተነሳም ነበር።

ፈጣሪ በሩን ከፍቶ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበልልን።