ማሽን ስላቆመችው ካውሰር

ለተከበሩ አቶ ይትባረክ፣
የብስኩት ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፣
ድሬዳዋ

የዘንድሮው ሙቀት እንዳልበረታብዎ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም ያለ ሳንካ እንደሚሠራ ተስፋ በማድረግ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ካስቀየምኩዎ ይቅርታ፤ በሥልጠናው ላይ ሐሳባችሁን በነጻነት ግለጹ ብለውናልና የታዘዝኩትን እየፈጸምኩ ነው።

1ኛ. ሠራተኛን ስለማብቃት ላሰጡን ሥልጠና ከልብ አመሰግናለሁ። ያልገባንን በኦሮምኛና በሶማሊኛ እየተጠያየቅን በሚገባ ተከታትለናል። አሠልጣኙ አደጋ ያየ ሠራተኛ ማንንም ሳይጠይቅ ማሽን ማቆም ይችላል ሲሉ እርስዎም ከፊት ወንበር ሆነው አጨብጭበዋል። በዚያ ሰሞን ሥራ የገባነው ደስ ብሎን ነበር፤ የሚሰባበረው ብስኩት እንኳ ቀንሶ ነበር። ጥፋታችን የተባለውን ማመናችን ነው።

2ኛ. ሊጥ በሚዳምጠው ማሽን ላይ የምትሠራው ካውሰር ደግሞ ከሁላችን በላይ አመነች። ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የማሽኑ መከላከያ ክዳን ተፈትቶ ሲንቀጠቀጥ አይታ ቀዩን ማቆሚያ ተጫነች። የከሰዓቱ ሊጥ ተበላሸ፤ የሰው እጅ ግን አልተነካም። እርስዎም ከሥራ አገዷት፤ ጥፋቷ ማቆሟ ሳይሆን ሳታስፈቅድ ማቆሟ መሆኑንም አብራሩልን። ለማብራሪያው ምስጋናችን ወሰን የለውም።

3ኛ. ማስፈቀዱ ላይ ግን ትንሽ ይርዱን። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ጫት የሚቃምበት የበርጫ ሰዓት መሆኑን፣ በዚያ ሰዓትም የኃላፊ ስልክ እንደማይነሳ ከሳቢያን እስከ መልካ ጀብዱ የማያውቅ የለም። ማሽኑ ግን በርጫ አያውቅም። ስለዚህ ማንኛውም አደጋ ከቀትር በፊት ብቻ እንዲደርስ ማስታወቂያ ቢለጥፉልን ለመተባበር ዝግጁ ነን።

የፊታችን ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ካውሰርን ያሰናብታል እየተባለ ነው። ክቡርነትዎ፣ ተናድጃለሁ፤ ፈርቻለሁም። እሷ ከተባረረች ያንን ማቆሚያ የሚደፍር አይኖርም። እባክዎ ወደ ሥራዋ ይመልሷት።

ሥልጣን እንደተሰጠው በምስክር ወረቀት የተረጋገጠለት፣ እንዳይጠቀምበትም በካውሰር የተማረ ታዛዥዎ፣
ኒቆዲሞስ፣ ከመጋገሪያ ክፍል

ሳልረሳው፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው፣ ያልተጠገነው ክዳን ዛሬ ከሰዓት እንደገና ተፈታ። እንደ መመሪያዎ ማቆሚያውን ሳንነካ ደወልንልዎ፤ ስልክዎ ጠራ እንጂ አልተነሳም። በካውሰር ቦታ የመደቡት ዮኒስ ሁለት ጣቶቹን አጥቶ ሆስፒታል ተኝቷል። ያለ ፈቃድዎ ማሽን ያቆመ ሠራተኛ ግን የለም፤ እንኳን ደስ ያለዎ።