ከጆንያው ሥር ያለው በቆሎ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ፣ የእናቴ ልጅ፤

እንዴት ነሽ? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ? ገለምሶ ዝናቡ አባራላችሁ? እኔም አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ፈርቻለሁ። ስልክሽን የሚያነሳው ባልሽ ስለሆነ ነው ደብዳቤውን በጎረቤቴ በረዲያ እጅ የላክሁልሽ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢውና ቅደጂው።

እዚህ ጭሮ የሕፃናት ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ እህል ተቀባይ መሆኔን ታውቂያለሽ። ዘንድሮ በእጅ የምትያዝ መሣሪያ ሰጡን። እህሉ ላይ ብርሃን ታበራለች። ከእህሉ የሚመለሰውን ብርሃን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያነበውና ዓይን የማያየውን የሻጋታ መርዝ ይለያል። ንጹሕ ከሆነ አረንጓዴ፣ መርዝ ካለበት ቀይ ይበራል።

ማክሰኞ ባልሽ ጃዕፈር በቆሎ ጭኖ መጣ። ሲያዩት ነጭ፣ የሚያምር እህል ነው። ከጆንያው አፍ ዘግኜ ባየው አረንጓዴ ሆነ። ከሥር አውጥቼ ባየው ቀይ። አምስት ጆንያ ሞከርኩ፤ የአምስቱም ሥር ቀይ ነው።

ጃዕፈር ሳቀብኝ። "ዓይን የለሽም እንዴ? ይሄ ዕቃ ምን ያውቃል? እኛም ቤት የምንበላው ከዚሁ ጉድጓድ የወጣውን ነው። ልጄ ሀኒፋ ምን ሆነች?" አለኝ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ቀስ አድርጎ፣ "ለእህትሽ ስትዪ" አለኝ።

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የላይኛውን ውጤት ጽፌ ፈረምኩለት።

ረቡዕ ጠዋት፣ ለዒድ የላክሽልኝን ዱቄት በፌስታል ይዤ ገባሁና መሣሪያዋ ሥር አኖርኩት፤ ቀይ በራ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም፤ አለቃችን ደጀን ፊት ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት። ወረቀቱን አገላብጦ አየና "ፊርማው ያንቺ ነው?" አለኝ። የኔ ነው አልኩት። ሮጦ ወጥቶ ወፍጮውን አስቆመ።

በቆሎው ለብቻው ተቆልፎበታል። ናሙናው አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ሄዷል። እኔን ውጤቱ እስኪመጣ ቤትሽ ቆዪ ብለውኛል። ከሥራ ቢያባርሩኝም አልፈርድባቸውም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ጃዕፈር ሲደውል ውሎ ስላላነሳሁለት መልእክት ላከብኝ፦ "እህትሽ ያለችው እኔ ቤት ነው።" ሌላ ቃል የለበትም። አሥር ጊዜ አነበብኩት።

እህቴ፣ ከሱ ጋር ክፉ ቃል እንዳትለዋወጪ። ቤት ያለውን በቆሎ ለዶሮም እንዳትበትኚ። ነገ ሀኒፋን ይዘሽ በመጀመሪያው ሚኒባስ ነይ፤ ጥርሷን አሟታል በይው። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ቀጥታ ሆስፒታል ነው የምንሄደው። ሐኪሙ ልጅቷ ምን ስትበላ እንደቆየች ሲጠይቅ፣ አንቺ ዝም በዪ፤ እኔ እነግረዋለሁ።

አላህ እስክትደርሱልኝ በጥላው ይጋርዳችሁ። መንገዱን ያቅናላችሁ።

አዝለሽ ያሳደግሻት ታናሽሽ