አልጠፋም ያለው ሀርድ ዲስክህ

ደሴ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም፤ ተቆጥቻለሁ። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። እስከ ትናንት ድረስ የማዝን ነበር የሚመስለኝ። ትናንት ግን ያ ጥቁሩ ሀርድ ዲስክህ ሐዘኔን ወደ ንዴት ለወጠው። ይህን ለጎረቤት አላወራው፣ ለእናትህ አልነግራቸው። ለራስህ ልጻፍልህ እንጂ ምን አደርጋለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ፎቶ ቤቱን አልዘጋሁትም። ወንድሞችህ ካሜራውን ሽጪና ሌላ ነገር ነግጂበት ብለውኝ ነበር፤ እምቢ አልኳቸው። ያን ሁሉ ዘመን መብራት ስይዝልህ እኮ ዓይኔን ጨፍኜ አልነበረም። አሁን ካሜራውን የምይዘው እኔ ነኝ። የደብረ ማርቆስ ሰው ሴት ቪዲዮ ስትቀርጽ አይቶ መገረሙን እስካሁን አልጨረሰም። ልጅህ ሰላም የወተት ጥርሷን መንቀል ጀምራለች። ጽሑፏ ግን ዛሬም አይነበብም፤ እሱን ካንተ ነው የወረሰችው። ቆርቆሮው ዘንድሮም ያፈሳል።

እሑድ ሉማሜ ሰርግ አለብኝ። ብቻዬን የተዋዋልኩት የመጀመሪያው ሰርግ ነው፤ እሱ ከተበላሸብኝ ሁለተኛ የሚጠራኝ የለም። ቀረጻውን የማስቀምጥበት ባዶ ቦታ ፈለግሁ። አንተ ደግሞ ምንም ነገር መጣል የማትወድ ሰው ነበርክ፤ ዲስኮችህ ሁሉ ጢም ብለዋል። ያለፈው ዓመት ጥር ሰርጎች ያሉበትን መረጥኩ። ባለሰርጎቹ ፊልማቸውን ከወሰዱ ቆይተዋል፣ ያልተቀናበረው ጥሬ ቀረጻ ለማን ይጠቅማል ብዬ ፎርማት ላደርገው፣ ያለበትን ሁሉ ላጠፋው ተነሣሁ።

እምቢ አለኝ። ገመዱን ቀየርኩ። ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። አረንጓዴዋ መስመር ፈቀቅ ሳትል ትቆይና ፎርማት ማድረግ አልተቻለም የሚል ጽሑፍ ይመጣል። የዲስኩ ነገር ያንተኑ ግትርነት እያስታወሰኝ ደሜ ፈላ። በባጃጅ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ወደ ይበልጣል፣ ወሰድኩት። እሱም ጥቁር ገጽ ከፍቶ ትእዛዝ ጻፈ፣ በራሱ ኮምፒውተር ሞከረ፣ በመጨረሻ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው። ዲስኩ ታሞ ከርሟል፣ ከእንግዲህ አዲስ ነገር አይቀበልም፣ የያዘውን ግን ለጊዜው ያነባል፤ የምትፈልጊው ነገር ካለ ሳይሞት ቶሎ ገልብጪ አለኝ። ከሱ ምንም አልፈልግም አልኩት። ቤት ስገባ ግን ምን እንዳለበት ልይ ብዬ ከፈትኩት። ምነው እጄን በሰበረው!

የይጁቤው ሰርግ ነው። ያን ጥር ከሰላም ጋር ቤት ስለቀረሁ በቦታው አልነበርኩም፤ ፊልሙን ግን አውቀዋለሁ፤ ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ስትወጣ መዝሙር ያስገባህበት ነው። በጥሬው ላይ መዝሙር የለም። ያንተ ሳል ነው ያለው። ካሜራው እስኪንቀጠቀጥ ትስላለህ። ሙሽራዋ ዘወር ብላ ታይሃለች። አንዱ ሚዜ ኧረ ለሰውዬው ውኃ ስጡት ይላል፤ አንተ ደህና ነኝ፣ ቀጥሉ ትላለህ። ከዚያ በፊት የነበረውን ሰርግ ከፈትኩ፤ እዚያም አለ፣ ትንሽ ቀለል ብሎ። ከዚያም በፊት የነበረውን ከፈትኩ። ወደ ኋላ በሄድኩ ቁጥር ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

እነዚያን ሰርጎች ያቀናበርካቸው አንተ ነህ፣ ደሴ። ማዳመጫውን ጆሮህ ላይ ደፍተህ ሳልህን አንድ በአንድ እየፈለግህ ቆረጥከው፤ በቦታው መዝሙር ከተትክበት። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሻይ አፈላልህ ነበር። ከእኔም ከሐኪሙም በፊት የሰማኸው አንተ ነህ። እየባሰ ሲሄድ በገዛ ጆሮህ ሰምተህ፣ እኔን የድንኳን አቧራ ነው አልከኝ። እንታከም ስልህ፣ ጥር እኮ ነው፣ ጾሙ ሲገባ ሰርግ ስለማይኖር ያኔ እታከማለሁ አልክ። በእኛ ቤት ቆርቆሮውም፣ የኔ ጥርስም፣ ዘመድ ጥየቃውም ለጾም ይተላለፍ ስለነበር አመንኩህ። ጾሙ ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት ሆስፒታል ገባህ፣ ከዚያ በእግርህ አልወጣህም። ሐኪሙ ምነው እስካሁን ሲለኝ ምን ልበለው? ሰርግ በዝቶበት ነው ልበለው?

እግዜር ይይልህ! ባዶ ፎቶ ቤት ውስጥ ቆሜ ሰደብኩህ፣ ሰው ይሰማኛል እንኳ አላልኩም። ለቅሶህ ላይ ሁሉም ደግነትህን ሲያወራ ነው የዋለው። ደግ ነበርክ፣ አልክድም። ግን የሰውን ሰርግ ሁሉ ስታሳምር ኖረህ ለሚስትህ ውሸት አቀናበርክላት። ብትነግረኝ ኖሮ ካሜራውን ያኔውኑ አልቀበልህም ነበር? አንተ ብታስተምረኝ አይሻልም ነበር?

ይበልጣል ዲስክ አዋሰኝ። ለእሑዱ ሰርግ የሚሆን ቦታ ከያዝኩ በኋላ የተረፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሙሽሮቹን፣ ሚዜዎቹን፣ ጭፈራውን ሁሉ ተውኩትና አንተ ቆርጠህ የጣልከውን ብቻ እየፈለግሁ ገለበጥኩ። ለዓይን የሚሆን ነገር የለበትም፤ ስትስል ካሜራው ስለሚያዘነብልብህ መሬት፣ የሰው ጫማ፣ የድንኳን ሸራ ነው የሚታየው። ዲስኩ እስከ መጨረሻው አነበበልኝ። ከዚያ በኋላ ዛሬ ጠዋት ብሰካው አልተነሣም።

አልረሳህም። ንዴቴ እስኪበርድም ሆነ ከበረደ በኋላ አልረሳህም። ሰላም አድጋ የአባቴን ድምፅ አሰሚኝ ስትለኝ መዝሙር የገባበትን አልከፍትላትም። ይህንን ነው የማሰማት፣ ከነሳልህ፣ ደህና ነኝ ቀጥሉ ካልከው ጋር። ሲያማት አመመኝ ማለትን ከአባቷ ያልተማረች ልጅ ከዚህ ትማር።

ሚስትህ የሺ